ወንበሩን ያመጣችው ሴናተር

አሜሪካ ስመጣ ከሁሉ በፊት የተማርኩት ነገር ቆሞ መዋል ነው። ዲቪ ደርሶኝ በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆንኩ። 8 ሰዓት ሙሉ በእግር። ፒያሳ ጨርቅ ሱቅ ስሠራ ቢያንስ ዱካ ነበረችን። ገዢ ሲገባ ብድግ፣ ሲወጣ ቁጭ። እዚህ ግን ገዢ ኖረም አልኖረም መገተር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አለቃዬን ወንበር ጠየቅኩት። ሳቀ። ክፋት የለውም ልጁ፣ የእውነት ቀልድ መስሎት ነው። "ተቀምጠሽ ሲያዩሽ ሰነፍ ትመስያቸዋለሽ" አለኝ።

ማታ ማታ እግሬን በሞቀ የጨው ውሃ ዘፍዝፌ ደሴ ለእናቴ እደውላለሁ። "ቆመሽ ነው የምትውዪው? ምን፣ ዘበኛ ነው ያደረጉሽ?" ትለኛለች። ምን ብዬ እንደምመልስላት ይጠፋኝ ነበር። አሁን ሥራ ቀይሬያለሁ፣ ተቀምጬ ነው የምውለው። ግን እስከ ዛሬ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የማየው የካሸሯን እግር ነው።

ይህን የማወራው ስለ አንዲት ሴናተር ልጽፍ አስቤ ነው። ግንኙነት አለው፣ ታገሱኝ።

በ2025 ጸደይ የልጄ ክፍል ዋሽንግተን ወዳለው የኮንግረስ ሕንጻ ለጉብኝት ሲሄድ ከወላጆች አንዷ ሆኜ አጀብኳቸው። ሕንጻው ውስጥ እያንዳንዱ ስቴት የሚኮራባቸውን 2 ሰዎች ሐውልት ያቆማል። አብዛኛው ጢም ነው። ጄኔራል፣ ገዥ፣ ቄስ። ሴቶቹ ጥቂት ናቸው። ከእነሱ አንዷ ዶክተር ማርታ ሂዩዝ ካነን ናት፣ ከዩታ። ሐውልቷ እዚያ የቆመው በታኅሣሥ 2024 ነው፣ ቴሌቪዥንን ከፈለሰፉት አንዱ የሆነውን የፋይሎ ፋርንስወርዝን ቦታ ወስዳ። አስጎብኚው ስለ እሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ። "በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የስቴት ሴናተር ናት። በምርጫው ያሸነፈችው የገዛ ባሏን ነው።" ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ስለ እሷ ሳነብ ነጋ።

የተወለደችው በ1857 ዌልስ ውስጥ፣ ላንዲድኖ አካባቢ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ወላጆቿ የሞርሞን ሃይማኖት (ያኔ ሚስት ማብዛትን የሚፈቅድ፣ አሜሪካ የተመሠረተ እምነት ነው) ተከታዮች ሆኑና እንደ ሌሎቹ አማኞች ወደ ዩታ ለመሰደድ ተነሡ። በ1861 በረሃውንና ሜዳውን በጋሪ ሲያቋርጡ ሕፃን እህቷ መንገድ ላይ ሞተች። አባቷ ታሞ ነበር የተጓዘው። ሶልት ሌክ ሸለቆ በደረሱ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ማርታ ገና 4 ዓመቷ ነው። ሐኪም ለመሆን የቆረጠችው በዚህ የተነሣ ነው ይባላል። እኔ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ትንሽ እጠራጠራለሁ፣ ሰው ትልቅ ከሆነ በኋላ ልጅነቱ ሁሉ ትርጉም ይወጣለታልና። ግን እህትና አባት በአንድ ጉዞ የቀበረች ልጅ ሐኪም ልሁን ብትል ምን ይገርማል?

እናቷ እንደገና አገባች። እንጀራ አባቷ ግን እንደ ተረቱ እንጀራ አባት አልነበረም። ተማሪ ብሎ የገፋት እሱ ነው። በ14 ዓመቷ አስተማሪ ሆነች። ከዚያ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ገብታ ፊደል ለቃሚ ሆነች፤ የብረት ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጽ መደርደር ማለት ነው። የከተማው መንገድ ጭቃ ስለነበር ጸጉሯን አሳጥራ፣ ወፍራም የወንድ ቦት ጫማ አድርጋ ነበር የምትመላለሰው። ይቺን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እግር የሚገባት ሴት ናት።

ትምህርቷን በፍጥነት ልለፈው፣ ምክንያቱም ስታነቡት ያደክማል። ኬሚስትሪ እዚያው ዩታ። ሕክምና ሚሽገን ዩኒቨርሲቲ፣ ሰሃን እያጠበችና አልጋ እያነጠፈች። ዲግሪዋን የተቀበለችው በ1880፣ 23 ዓመት በሞላት ቀን ነው። ከዚያ ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ገባች። ክፍሉ ውስጥ 75 ተማሪ ነበር፣ ሴት እሷ ብቻ። በዚያው ከተማ ደግሞ የንግግር ጥበብ ተማረች፣ ሐኪም ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር ካልቻለ ስለ ጤና ማንን ያስተምራል ብላ። 25 ዓመቷ ላይ 4 ዲግሪ ነበራት። እኛ ሰፈር ቢሆን "ታዲያ መቼ ልታገባ ነው?" የሚባለው ይሄኔ ነው።

አገባች። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው።

ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ተመልሳ ሴቶች የሚያስተዳድሩት ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ሆነች። ከሆስፒታሉ ቦርድ አባላት አንዱ አንገስ ካነን ይባላል። በ23 ዓመት ይበልጣታል። ትልቅ የቤተ ክርስቲያን መሪ ነው። ሦስት ሚስት አለው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ እህትማማቾች ናቸው። በጥቅምት 1884 ማርታ አራተኛ ሚስቱ ሆነች፣ በድብቅ። ድብቅ የሆነው የፌዴራሉ መንግሥት በ1882 ከአንድ በላይ ሚስት ይዞ መኖርን ወንጀል አድርጎ ስለነበረ ነው።

ይህን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ዝም አለች። እናቴ ዝም ስትል ያስፈራል።

"አራት ዲግሪ ይዛ?"

"አራት ዲግሪ ይዛ።"

"በአራተኝነት?"

"አዎ እማዬ።"

"ታዲያ ሦስቱ ምን አሉ?"

አያቴ ጣውንት ነበራት። ከሚሴ አጠገብ፣ በአንድ ግቢ ሁለት ቤት። ሲጣሉ በልጆች በኩል ነበር የሚነጋገሩት። "ሂድና ለዚያች ሴትዮ ወንፊቴን መልሺ በላት" እየተባለ እናቴ በሁለቱ ቤት መካከል እንደ ፖስታ ተመላልሳ ነው ያደገችው። አንዷ ስትታመም ደግሞ ሌላዋ ናት አጥሚቱን የምታፈላው። ስለዚህ እናቴ ጣውንትነትን የምታውቀው በመጽሐፍ አይደለም። እኔ "ይህቺን የመሰለች ሴት እንዴት?" ስል፣ እሷ የጠየቀችው ስለ ሌሎቹ ነው። ያነበብኩት ሁሉ ስለ አራተኛዋ ነበር፣ ሦስቱን እንጃ።

ማርታ ራሷ ስለዚህ ጉዳይ የተናገረችው ሁለት ዓይነት ነው። ሴናተር ከሆነች በኋላ ለአንዲት የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጠኛ የመለሰችው ታዋቂ ነው። ባሏ 4 ሚስት ያለው እንደሆነ፣ ሴትየዋ በየወሩ የ3 ሳምንት ነፃነት አላት ብላለች። ሰዎች ይህን እያነሡ ይሥቃሉ፣ አንዳንዱም ያደንቃል። በደብዳቤዎቿ ውስጥ ያለችው ሴት ግን ሌላ ናት።

እንግዲህ ስደቱን ላውራ። በ1885 ባሏ ታሰረ፣ ለ6 ወርም ተፈረደበት። በዚያው ዓመት መስከረም ማርታ ሴት ልጅ ወለደች። ችግሩ እሷ ሚስት ብቻ መሆኗ አይደለም። ሐኪም ናት፣ የብዙ ድብቅ ሚስቶችን ልጆች በእጇ ያዋለደች። መርማሪዎቹ ለምስክርነት ቢይዟት እያንዳንዱ ሕፃን በአባቱ ላይ ማስረጃ ሊሆን ነው። አስቡት፤ ያዋለደችውን ልጅ አባት እስር ቤት እንድታስገባ ነው የሚጠብቋት። ስለዚህ በ1886 ሕፃኗን ታቅፋ ወደ እንግሊዝ ሸሸች። ስሟንም ቀየረች። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ከቤት ቤት፣ ከአገር አገር ተንከራተተች። እሷ በስደት ሳለች ባሏ ሌላ ሚስት ጨመረ። የኋላ ኋላ በጠቅላላው 6 ደርሰዋል።

ለአንዲት ጓደኛዋ በጻፈችው ደብዳቤ፣ በአገሬ ላይ የምሽሎከለክ ምርኮኛ ከምሆን በሰው አገር እንግዳ ሆኜ ቀና ብዬ ብሄድ ይሻለኛል ብላለች። ለባሏ የጻፈቻቸው ደግሞ ይቀናሉ፣ ይናደዳሉ፣ ይናፍቃሉ፤ አንዳንዴ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ። የ3 ሳምንት ነፃነት ያለችው ሴት ቀልደኛ ናት፣ የደብዳቤዋ ሴት ግን ሰው ናት። ሁለቱም እውነቷን ይመስለኛል። እኔም ለሰው "አሜሪካ ደስ ይላል" እላለሁ፣ እግሬን እየዘፈዘፍኩ።

በስደቷ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። አውሮፓ ውስጥ ሆስፒታሎችንና የነርስ ማሠልጠኛዎችን እየዞረች አየች። ስትመለስ በዩታ የመጀመሪያውን የነርሶች ማሠልጠኛ ከፈተች።

አሁን ወደ ምርጫው። የዩታ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1870 ነው፣ መላዋ አሜሪካ ካገኘችበት ከ1920 በ50 ዓመት ቀድመው። በ1887 ኮንግረስ መልሶ ነጠቃቸው፣ ሚስት ማብዛትን ለመዋጋት በወጣ ሕግ። ባሎቹን ለመቅጣት የሚስቶቹን ድምፅ መውሰድ! ማርታ ከስደት ስትመለስ የመብት ትግሉ ውስጥ ገባች፣ በ1893 የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይም ተናገረች። እስከዚያ በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ያለች ግዛት የነበረችው ዩታ በጥር 1896 ስቴት ስትሆን ሕገ መንግሥቱ ለሴቶች የመምረጥም የመመረጥም መብት ሰጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ማርታ በዴሞክራት ፓርቲ ለስቴቱ ሴኔት ቀረበች፤ የዋሽንግተኑ ሳይሆን የዩታ የራሷ የላይኛው ምክር ቤት ማለት ነው። በሪፐብሊካን በኩል ከቀረቡት አንዱ አንገስ ካነን፣ ባሏ።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እንላለን። እዚህ ባሕሩ አንድ ነው፣ ፓርቲው ሁለት።

የከተማው ጋዜጦች በዓል ሆነላቸው። ዴሞክራቱ ሄራልድ ከሁለቱ የተሻለው ወንድ ሚስትየዋ ናት፣ እሷን ወደ ሴኔት ላኳት፣ እሱ እቤት ይቀመጥና የቤቱን ኢንዱስትሪ ያስተዳድር ብሎ ጻፈ። "የተሻለው ወንድ" የሚለው ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኛም እኮ አንዲት ሴት ጎበዝ ስትሆንብን "እሷ እኮ ወንድ ናት!" ነው የምንለው። ትሪቢዩን የተባለው ደግሞ መለሰ። አንገስ ያለው ምርጫ ሁለት ነው አለ። ወይ ቤቱ ሄዶ የበላይነቱን ለማሳየት ሚስቱ ጭንቅላት ላይ እቅፍ አበባ መስበር፣ ወይ ሄራልድ ቢሮ ገብቶ ያን ትዳር አፍራሽ ጽሑፍ የጻፈው ሰው ጭንቅላት ላይ ወንበር መስበር። ወንበሯን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ማርታ አሸነፈች። በ39 ዓመቷ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የስቴት ሴናተር ሆነች። ኮሎራዶ ከ2 ዓመት በፊት 3 ሴቶችን ወደ ታችኛው ምክር ቤቷ ልካ ነበር፣ ሴኔት ግን እሷ ናት የመጀመሪያዋ።

ለአስጎብኚው አንድ እርማት ልስጥ። "ባሏን አሸነፈች" ሲባል ሁለቱ ፊት ለፊት የተፋለሙ ይመስላል። ወንበሮቹ ብዙ፣ እጩዎቹም ከየፓርቲው ብዙ ነበሩ፤ ከእነዚያ ውስጥ ነው እሷ ያለፈችው፣ እሱ የቀረው። ዓመቱም የዴሞክራቶች ነበር። የብር ማዕድን ያላት ዩታ የብር ገንዘብ ደጋፊ የሆነውን የፕሬዚዳንት እጩ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንን በከፍተኛ ድምፅ መርጣለች፣ ፓርቲውም አብሮ ጠራርጎ ወሰደ። ይህን የምለው ላሳንሳት አይደለም። ቀልዱ ሥራዋን ስለሸፈነብኝ ነው። "ባሏን ያሸነፈችው ሴትዮ" ብሎ መጥራት፣ መልሶ በባሏ መጥራት ነው።

የኛይቱ ስንዱ ገብሩም በ1957 በምርጫ ኢትዮጵያ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል አፈ ጉባኤ ሆናለች። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የጣልያን ምርኮኛ፣ ደራሲ። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" በሚባልበት አገር። እሷንም ስናነሳ ብዙ ጊዜ "የመጀመሪያዋ" እንልና እዚያው እናቆማለን። የመጀመሪያ ከሆኑ በኋላ በማግስቱ ምን ሠሩ? እኔን ያጓጓኝ ማግስቱ ነው።

ማርታ በማግስቱ ምን ሠራች? በ1897 ሴኔት እንደገባች ገና በመጀመሪያው ወር የሕግ ረቂቆች አቀረበች። አንዱ መስማት፣ መናገርና ማየት የተሳናቸው ልጆች የግድ እንዲማሩ የሚያዝዝ ነው። ሌላው የስቴቱን የጤና ቦርድ የሚያቋቁም ነው። ወረርሽኝ በየጊዜው የሚፈጅበት፣ የመጠጥ ውሃና ቆሻሻ ለየሰዉ የተተወበት ዘመን ነበር። ቦርዱ ተቋቋመ፣ እሷም አባል ሆነች። በኋላም የዩታ ጤና መሥሪያ ቤት ሕንጻ በስሟ ተሰይሟል።

ሦስተኛው ረቂቅ ነው እኔን ሌሊቱን ያስነጋኝ። የሴት ሠራተኞችን ጤና ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ይባላል። ይዘቱ ቀላል ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሴቶችንና ልጃገረዶችን የሚቀጥር ሰው ሥራ በሌለ ሰዓት የሚያርፉበት መቀመጫ ያዘጋጅ።

ወንበር!

በአልጋዬ ላይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ይህቺ ሴት በ4 ዲግሪዋ፣ በስደቷ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ሴኔት ገብታ ስለ ወንበር ሕግ አወጣች። ወንዶቹ ስለ ብርና ስለ ሹመት ሲከራከሩ፣ እሷ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ልጅ እግሯ ማታ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። አይታዋለች፣ ሐኪም ናት። ጭቃ ውስጥ በቦት ጫማ ሥራ የተመላለሰችም እሷው ናት። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ የእሷ ፈጠራ አልነበረም፣ ኒው ዮርክን የመሰሉ ስቴቶች ቀድመው ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። ሕጉ ለሴት ብቻ መሆኑም ዛሬ ሲታይ ቅር ይላል፣ የወንድ እግር ከእንጨት ነው እንዴ? ቢሆንም። አለቃዬ በእኔ ላይ ሲስቅ፣ ጥያቄዬ በሕግ መጽሐፍ ላይ ከሰፈረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ።

በ1898 ዋሽንግተን መጥታ በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ሴቶች ከመረጡ ይመጣል የተባለው ጥፋት ሁሉ ዩታ ውስጥ አልመጣም ብላ መሰከረች።

መጨረሻው ግን አላማረም። ቤተ ክርስቲያኑ በ1890 አዲስ የብዙ ሚስት ጋብቻ እንደማይፈቅድ አስታውቆ ነበር፣ ስቴትነትም የተገኘው አንድም በዚያ ነው። በ1899 የሕግ አውጪው ስብሰባ ላይ ግን ሴናተሯ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሚያዝያ ላይ ሦስተኛ ልጇን ወለደች። ሆድ መቼም አይዋሽም። አገር አወቀ፣ ጋዜጣው ጮኸ፣ አንገስ ተከሶ ተቀጣ። እሷም ከዚያ በኋላ ለምርጫ አልቀረበችም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው። እሱ ቅጣቱን ከፍሎ በትልቅነቱ ቀጠለ። እሷ ግን ማስረጃውን በሆዷ ተሸክማ ምክር ቤት ገብታ መቀመጥ ነበረባት። አንዳንዶች "የራሷ ምርጫ ነው" ይላሉ። አዎ፣ ያመነችበት ነው፣ ማንም አስገድዶ አልዳራትም። ይህን አልክድም። ግን ምርጫ የራስ ሲሆንም ሂሳቡ እኩል አይመጣም።

ኋላ ላይ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዳ ሕክምናዋን ቀጠለች። በ1932 በ75 ዓመቷ እዚያው አረፈች። የሚገርመው፣ ዛሬ አሠሪዎች ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ ለካሸር መቀመጫ ይስጡ የሚል ደንብ ካሊፎርኒያ ውስጥ አለ፣ ለወንዱም ለሴቷም።

ከመሞቷ በፊት አንድ ነገር አደራ ብላ ነበር። ማስታወሻ ደብተሮቼን አቃጥሉ። አቃጠሉት። ደብዳቤዎቿ በየሰው እጅ ስለነበሩ ተረፉ እንጂ፣ ለራሷ ብቻ የጻፈችው የለም። ስለ ጣውንቶቿ ምን ብላ ጽፋ ይሆን? በዚያ በ1899 መጀመሪያ፣ ቀሚሷን እያሰፋች ሴኔት ስትገባ?

ይህን ሳነብ በጣም ተናደድኩ። ለእናቴ ደወልኩላት። "እማዬ፣ ደብተሮቿን አስቃጠለቻቸው እኮ!"

"አበጀች" አለችኝ።

"እንዴት አበጀች?"

"የተቀመጠችበትን ወንበር አይተሻል፣ ይበቃሻል። እኔም የሞትኩ እንደሆነ ያን ስልኬን እንዳትከፍቱት።"